ሮላንድ ታክስተርና ማኅበርተኞቹ ባክቴሪያዎች

በዲሴምበር 1892 ቦታኒካል ጋዜት የተባለው የአሜሪካ የዕፀዋት ጥናት መጽሔት አሥራ ስምንት ገጽ የሚሆን አንድ ጽሑፍ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጽሑፉ ሐሳብ ሁለት የተለያዩ የሙያ ወገኖችን በአንድ ጊዜ የሚያጠራጥር ነበር። የፈንገስ ሊቃውንት ለሰማንያ ዓመታት ያህል ፈንገስ ብለው በመዝገባቸው ያሰፈሯቸውን አንዳንድ ረቂቅ ፍጥረታት ባክቴሪያ ናቸው አለ። ባክቴሪያን የሚያጠኑት ደግሞ ባክቴሪያ ብቻውን የሚኖርና ብቻውን የሚከፈል አንድ ሕዋስ ነው ብለው በሚያስተምሩበት ወቅት፣ ብዙ ሺህ ባክቴሪያዎች ተሰባስበው ግንድ የሚያቆሙበትን፣ ቅርንጫፍ የሚያወጡበትንና በጫፉ ላይ ፍሬ መሳይ ከረጢቶች የሚያንጠለጥሉበትን የሕይወት ዑደት ገለጠ። ጸሐፊው ሮላንድ ታክስተር የ34 ዓመት ሰው ሲሆን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ከሆነ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ዛሬ የባክቴሪያን ማኅበራዊ ጠባይ የሚያጠና ተመራማሪ የዘር ሐረጉን ወደኋላ ቢቆጥር የሚደርሰው እዚህ ጽሑፍ ላይ ነው። ነገር ግን ሐረጉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መሐል ላይ ረጅም ዝምታ አለበት።

ታክስተር ኦገስት 28 ቀን 1858 በማሳቹሴትስ ግዛት በኒውተንቪል ተወለደ። እናቱ ሴሊያ ታክስተር በዘመኗ ስሟ የገነነ ገጣሚ ነበረች። ያደገችው ከኒው ሃምፕሺርና ከሜይን ጠረፍ ማዶ በሚገኙት የሾልስ ደሴቶች ላይ ሲሆን፣ አባቷ በመጀመሪያ የመርከቦች መብራት ጠባቂ፣ ኋላም በአፕልዶር ደሴት የሆቴል ባለቤት ነበር። በዚያ ድንጋያማ ደሴት ላይ ያለማችው የአበባ ቦታ ከግጥሟ ባልተናነሰ ይታወቃል፤ ስለ እርሱ የጻፈችው መጽሐፍ የወጣው በሞተችበት በ1894 ነው። አባቱ ሌቪ ታክስተር ሃርቫርድ የተማረ፣ የሮበርት ብራውኒንግን ግጥም በማጥናትና በማንበብ የታወቀ ሰው ቢሆንም ቋሚ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ አልነበረውም። ባልና ሚስት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተራራቁ ሄዱ፤ እናት ከበኩር ልጇ ከካርል ጋር ደሴቷ ላይ ስትከርም፣ ሁለቱ ታናናሾች በብዛት ከአባታቸው ጋር ነበሩ። የሦስቱ መጨረሻ ሮላንድ ነው።

ከዚህ ቤት የወጣው ልጅ የቃል ሰው አልሆነም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰበስበው ነፍሳትን ነበር፤ ገና ወጣት ሳለ ስለ ቢራቢሮዎችና የእሳት ራቶች አጫጭር ማስታወሻዎችን በነፍሳት ጥናት መጽሔቶች ላይ አሳትሟል። ወደ ፈንገስ ያደረሰውም የነፍሳት ፍቅሩ ነው። በ1882 ከሃርቫርድ የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ የሕክምና ትምህርት ጀምሮ ተወው፤ በዊልያም ፋርሎው ሥር ሆኖ አበባ የማያወጡትን ዕፀዋት፣ ማለትም በዘመኑ አመዳደብ ዋቅላሚን፣ ፈንገስንና የመሳሰሉትን ማጥናት ያዘ። ፋርሎው በስትራስቡርግ በአንቶን ደ ባሪ ዘንድ የተማረና አንድን ፍጥረት ከስፖር እስከ ስፖር ሙሉ ዑደቱን ሳይከታተሉ ስም መስጠት ነውር ነው የሚለውን የጀርመን ልማድ ወደ አሜሪካ ያመጣ መምህር ነበር። የታክስተር የዶክትሬት ሥራ በዚሁ ልማድ የተቀረጸ ነው። በበልግ ወራት በመስኮት መስታወት ላይ ተጣብቃ የሞተች ዝንብ ዙሪያዋን ነጭ ዱቄት ከቧት ትታያለች፤ ዱቄቱ ዝንቧን የገደለው ፈንገስ የተኮሰው ስፖር ነው። ታክስተር የዚህን ፈንገስ ወገኖች በአሜሪካ ምድር ተከታትሎ በ1888 አሳተመ፤ ዲግሪውንም በዚያው ዓመት አገኘ።

በዚያን ጊዜ እንደ እርሱ ላለ ምሩቅ የተከፈተው በር ግብርና ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1887 ባወጣው ሕግ ለየግዛቱ የግብርና ምርምር ጣቢያ ገንዘብ መድቦ ስለነበር፣ ታክስተር በ1888 በኒው ሄቨን በሚገኘው የኮነቲከት ጣቢያ ተቀጠረ። ሦስት ዓመት ቆየ። የሽንኩርት አረማሞን አጠና፤ ከሁሉ የሚታወቅበት ግን የድንች እከክ ነው። የድንችን ልጣጭ የሚያሻክረው ቁስል ከምን እንደሚመጣ ገበሬውም ምሁሩም የየራሱ ግምት ነበረው፤ አፈሩን የሚከስ ነበር፣ እርጥበቱን የሚከስ ነበር፣ ትልን የሚከስም ነበር። ታክስተር ከቁስሉ አንድ ቀጭን ክር መሳይ ፍጥረት ለይቶ አሳደገ፤ ጤነኛ ድንች ላይ አኖረው፤ እከኩም ወጣ። ፍጥረቱን ፈንገስ ነው ብሎ ስም አወጣለት። እዚህ ላይ ዕጣው ያስገርማል፤ ያ ፍጥረት ኋላ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፣ ዛሬም ስትሬፕቶማይሰስ ከሚባለው ወገን ይቆጠራል። ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ፈንገስ ያሉትን ባክቴሪያ ነው ብሎ የሚረታው ሰው፣ እዚህ ባክቴሪያውን ፈንገስ ብሎታል። ስሕተቱ ግኝቱን አላበላሸውም፤ የበሽታውን ምክንያት በትክክል ይዞታል። በሁለቱ ዓለማት መካከል ያለው ድንበር በዚያ ዘመን ምን ያህል የላላ እንደነበር ግን በግልጽ ያሳያል።

የጣቢያው ሥራ ለታክስተር ጠባይ አልተስማማም። ገበሬ የሚጠይቀው መድኃኒት ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ፍጥረቱን ማወቅ ነበር። ስለዚህ በ1891 ሃርቫርድ ሲጠራው ወደ ኬምብሪጅ ለመመለስ አላመነታም፤ ከዚያም ወዲያ በተግባራዊው የዕፀዋት በሽታ ሥራ ላይ ያለውን ንቀት አልደበቀም። ንቀቱ ፍትሐዊ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከቁስል ፍጥረትን ለይቶ በንጹሕ ካልቸር የማሳደግ ጥበብን እጁ ያፍታታው በዚያው በናቀው ሥራ ላይ ነውና።

በኒው ኢንግላንድ ደኖች በበሰበሰ እንጨትና በእንጉዳይ ላይ አንዳንድ ጊዜ ደማቅ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይታያል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቁመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ዛፍ ይመስላል፤ ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ የከረጢት ዘለላ አለው። እንግሊዛዊው በርክሊና አሜሪካዊው ከርቲስ ይህንን ፍጥረት ቀደም ብለው አይተው ኮንድሮማይሰስ ክሮካተስ ብለው ከሻጋታዎች ጎራ መድበውታል። ከእነርሱም በፊት በ1809 ጀርመናዊው ሊንክ የዚህኑ ወገን ዘመድ ፖሊያንጂየም ብሎ ከፈንገስ ቆጥሮት ነበር። ሁሉም ያዩት የደረቀውን ፍሬ ነው። በደረቀ ናሙና ላይ ደግሞ ፍሬው ፈንገስ ላለመምሰሉ ምንም ምክንያት የለም። የከርቲስ የናሙና ስብስብ በሃርቫርድ ስለሚገኝ፣ ታክስተር በጫካ ያገኘውን ከቀደሙት ሰዎች ናሙና ጋር ማነጻጸር የሚችልበት ቦታ ላይ ነበር። ፍሬው አንድ ነው። ልዩነቱ ታክስተር በፍሬው አልጀመረም፤ የመምህሩን ልማድ ይዞ ፍሬው ከምን እንደተነሣ ጠየቀ።

መልሱን ያገኘው በመጠበቅ ነው። ከረጢቱ ሲፈነዳ የሚወጣው የፈንገስ ክር አልነበረም፤ እርስ በርስ የተያያዘ የቀጫጭን ዘንጎች መንጋ ነው። ዘንጎቹ የባክቴሪያ መጠን አላቸው፤ እንደ ባክቴሪያም ለሁለት ይከፈላሉ። ጅራፍ የላቸውም፤ ነገር ግን በራሳቸው ልጋግ ላይ እየተንሸራተቱ በዝግታ ይጓዛሉ፤ የሚጓዙትም ተያይዘው ነው። መንጋው ምግብ ባለበት ሲሰፋ ከቆየ በኋላ በየቦታው መከመር ይጀምራል። ክምሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከበታቹ የሚረጋው ልጋግ ግንድ ይሆናል፤ ዘንጎቹ በግንዱ አናት ላይ እየወጡ ይከፋፈሉና በከረጢት ይታሸጋሉ። አንድ ከረጢት ርጥበት ሲያገኝ እንደገና መንጋ ያፈልቃል። ስለዚህ ከዚህ ፍጥረት የሚወለደው ግለሰብ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማኅበር ሆኖ ነው የሚወጣው። ታክስተር ይህን በአንድ ዝርያ ብቻ አላየም። በበግ፣ በጥንቸልና በሌሎች እንስሳት በጠጥ ላይ የሚበቅሉ ቀለል ያሉ ዘመዶቹን አገኘ፤ እነዚህ ግንድና ከረጢት የላቸውም፤ ዘንጎቹ በክምሩ ውስጥ ተኮማትረው ክብ ስፖር ይሆናሉ። ለነዚህ ማይክሶኮከስ የሚል ወገን አቆመ። ሁሉንም በአንድ ላይ ሰብስቦ ማይክሶባክቴሪያ አላቸው፤ ልጋጋም ባክቴሪያዎች እንደ ማለት ነው።

ይህን አባባል መቀበል ለምን እንዳስቸገረ ለመረዳት የዘመኑን ክርክር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካርል ፎን ኔጌሊና ተከታዮቹ አንድ ባክቴሪያ እንደ ሁኔታው ቅርጹንና ጠባዩን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለዋውጣል ሲሉ፣ ፈርዲናንድ ኮህንና ሮበርት ኮህ ግን ዝርያዎች ቋሚ ናቸው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩን የረታው ንጹሕ ካልቸር ነው። ኮህ በጠጣር ምግብ ላይ ከአንድ ሕዋስ የመነጨን ዘር ለብቻው ማሳደግ ከቻለ በኋላ፣ የቅርጽ መለዋወጥ ታይቷል የሚል ሁሉ ካልቸርህ ተበክሏል የሚል ወቀሳ ይጠብቀው ነበር። ወቀሳው በአብዛኛው ልክ ነበር፤ በሽታ አምጪዎችን አንድ በአንድ ለመለየት ያስቻለው ይኸው ጥብቅነት ነው። ጥብቅነቱ ግን ዓይንንም ቀየረ። ተመራማሪው ባክቴሪያን በተትረፈረፈ ምግብ ውስጥ፣ ከጎረቤትና ከረኃብ ርቆ ሲባዛ ብቻ እንዲያየው አስለመደው። ማይክሶባክቴሪያ ማኅበሩን የሚያሳየው ደግሞ ምግብ ሲያልቅበት ነው። ታክስተር ባክቴሪያ ዛፍ ይሠራል ብሎ ሲመጣ የተናገረው በአንድ በኩል የተሸነፈውን ወገን ቋንቋ ይመስል ነበር። የመከላከያ መሣሪያው ግን የአሸናፊዎቹ ነበር፤ ፍጥረታቱን በአጋር ላይ አሳድጎ፣ ከመንጋ ወደ ፍሬ፣ ከፍሬ ወደ መንጋ እየመለሰ ዑደቱን አሳየ፤ ደረጃ በደረጃም በገዛ እጁ ሣለው። ያ ሥዕል እስካሁን ውበቱን አላጣም፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከተነሡት ፎቶግራፎች ጋር ቢያስተያዩት የሚያፍርበት የለውም።

ጥርጣሬው አልቀረም። በ1896 የቪየናው ሁጎ ዙካል ይህንኑ ፍጥረት አዲስ መስሎት ሌላ ስም ሰጥቶ ከልጋጋም ሻጋታዎች ጎን አሰለፈው፤ በዓመቱ ግን የታክስተርን ሥራ አይቶ አቋሙን አስተካከለ። ታክስተር በ1897 እና በ1904 በዚያው መጽሔት ሁለት ተጨማሪ ጽሑፎች አውጥቶ አዳዲስ ዝርያዎችን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ስለ ማይክሶባክቴሪያ አንድም ትልቅ ሥራ አላሳተመም።

ቀሪ ዕድሜውን የወሰደው ላቡልቤኒያሌስ የሚባለው የፈንገስ ወገን ነው። እነዚህ ፈንገሶች ሕያው ጥንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት ቆዳ ላይ እንደ ጥቃቅን ፀጉር ተተክለው የሚኖሩ፣ አስተናጋጃቸውን ብዙም የማይጎዱ፣ አንዳንዶቹም በነፍሳቱ አካል ላይ የተወሰነች ቦታን ብቻ የሚመርጡ ናቸው። ታክስተር በ1896 የመጀመሪያውን ጥራዝ አሳተመ፤ ሁለተኛው በ1908፣ ሦስተኛው በ1924፣ አራተኛው በ1926፣ አምስተኛው በ1931 ወጣ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዝርያዎች ተገልጸውበታል፤ ሥዕሎቹን የሣለው ራሱ ነው። ናሙና ፍለጋ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍና እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ተጓዘ፤ በየሀገሩ ቤተ መዘክር የተሰኩ ጥንዚዛዎችን አንድ በአንድ እየመረመረ የጸጉር ያህል የቀጠነውን ፈንገስ ለቀመ። ሠላሳ አምስት ዓመት በዚህ አለፈ።

ይህን ምርጫ እንደ ስሕተት የሚቆጥሩ አሉ፤ አዲስ የሕይወት ዓይነት በእጁ ገብቶ ሳለ የጥንዚዛ ፀጉር ለምን ይቆጥራል? ፍርዱ የዛሬን ዓይን ይዞ ወደ ትናንት መመለስ ነው። በ1904 ማይክሶባክቴሪያን ይዞ ወደፊት ለመሄድ መንገድ አልነበረም። ሜንዴል ገና መታወሱ ነው፤ ባክቴሪያ ዘረ መል ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም፤ ሕዋስ ለሕዋስ የሚልከውን ኬሚካዊ መልእክት መለያ መሣሪያም አልተሠራም። ታክስተር የሚያውቀው ሙያ መልክን ማየት፣ መግለጽና መመደብ ነበር፤ በዚያ ሙያ ስለ ማይክሶባክቴሪያ ማለት የሚቻለውን አብዛኛውን በሦስት ጽሑፎች ብሎ ጨርሷል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በማይክሶባክቴሪያ ላይ የሚሠራ ተተኪ ከቤተ ሙከራው አልወጣም። ዝምተኛና ከሰው ራቅ የሚል፣ ለራሱም ለተማሪውም ጥብቅ የሆነ መምህር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ አልበርት ብሌክስሊ በ1904 ሻጋታዎች ሁለት የማይመሳሰሉ ጾታ መሰል ወገኖች እንዳሏቸው አሳይቶ ዝነኛ ሆነ፤ ይህም የታክስተርን የማስተማር ብቃት የሚመሰክር ነው። የባክቴሪያው ማኅበር ግን በዕፀዋት ክፍል ተወልዶ በባክቴሪያ ጥናት ክፍል ዘመድ አላገኘም። ለሕክምና አይጠቅምም፣ በሽታ አያመጣም፤ የፈንገስ ሰዎች የእኛ አይደለም ካሉት በኋላ የባክቴሪያ ሰዎች ሊረከቡት አልቸኮሉም።

ያልተጠየቀውም ጥያቄ ከባድ ነበር። በማይክሶኮከስ ክምር ውስጥ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዋሳት ይሰባሰባሉ፤ ስፖር ሆነው ለሚቀጥለው ዘመን የሚተርፉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ አብዛኞቹ በዚያው በግንባታው መሐል ፈርሰው ይቀራሉ። ታክስተር የገለጸው ግንባታ በሞት የሚከፈል ዋጋ እንዳለው የታወቀው እርሱ ካለፈ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ዋጋው ከታወቀ ደግሞ የዝግመተ ለውጥ እንቆቅልሽ ይመጣል፤ ለሌላው ሲል የሚሞት ሕዋስ ዘሩን አያወርስም፤ ታዲያ ይህ ጠባይ እንዴት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሻገረ? ዊልያም ሃሚልተን በ1964 ለጉንዳንና ለንብ ያቀረበው መልስ፣ ዘመድ ለዘመድ ሲሞት የጋራ ዘረ መላቸው ይተርፋል የሚለው፣ እዚህም ይሠራል። መንጋው ከአንድ ከረጢት ወይም ከአንድ ክምር ተያይዞ የሚወጣ ስለሆነ ጎረቤት በብዛት ዘመድ ነው። ታክስተር ከረጢቱ ሲፈነዳ ዘንጎቹ ተያይዘው እንደሚወጡ ሲጽፍ፣ ሳያውቀው የመልሱን ግማሽ አስቀምጦ ነበር።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥናቱ በዘረ መል ሳይንስ ተነቃቃ። በ1979 ሆጅኪንና ካይዘር ማይክሶኮከስ ሁለት የእንቅስቃሴ ሥርዓት እንዳለው አሳዩ፤ አንዱ ሕዋስ ብቻውን የሚጓዝበት፣ ሌላው ከጎረቤት ጋር ካልሆነ የማይሠራ። ከዚያም አንድ ወጣት ተመራማሪ ግሪጎሪ ቬሊሰር ከሪቻርድ ሌንስኪና ከሊ ክሮስ ጋር እንቆቅልሹን ራሱን ወደ ጠርሙስ አስገባው። ማይክሶኮከስን ረኃብ በሌለበት ፈሳሽ ምግብ ውስጥ ለአንድ ሺህ ትውልድ ያህል አሳደጉ። ማኅበር በማያስፈልግበት ኑሮ ብዙዎቹ ዘሮች ክምር የመሥራት ችሎታቸውን አጡ። በ2000 የወጣው ውጤት ከዚህም ያልፋል፤ ብቻቸውን ስፖር መሥራት ከተሳናቸው ዘሮች አንዳንዶቹ ከጤነኛው ወላጃቸው ጋር ሲቀላቀሉ ከድርሻቸው በላይ ስፖር ይሆናሉ። ሌላው በሚሞትበት ግንባታ ላይ ተሳፍረው ፍሬውን ይወስዳሉ፤ በአጭሩ ይሸውዳሉ። በ2006 ደግሞ ከእንደነዚህ ካሉት ሸዋጆች አንዱ አስተናጋጆቹን አጥፍቶ ራሱም ሊጠፋ ሲል፣ በአንዲት ሚውቴሽን ብቻ እንደገና ማኅበርተኛ የሆነ ዘር ከመሐላቸው ተገኘ። የሕዋሳት መሰባሰብ ለብቻው የተገኘ ውርስ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል፤ ዲክትዮስቴልየም የሚባለው አሜባ ከባክቴሪያ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና ሳይኖረው በረኃብ ጊዜ ተሰባስቦ ግንድ ያቆማል፤ በግንዱ ውስጥ ያሉት ሕዋሳትም ይሞታሉ። አንድ ዓይነት ችግር በሁለት የተራራቁ ቤቶች ተመሳሳይ መፍትሔ ወልዷል።

ታክስተር በ1919 ከማስተማር ተሰናብቶ፣ በዚያው ዓመት ያረፈውን የመምህሩን የፋርሎውን የናሙና ስብስብ በኃላፊነት ያዘ። የአምስተኛው የላቡልቤኒያሌስ ጥራዝ ከወጣ በዓመቱ፣ በኤፕሪል 22 ቀን 1932 በኬምብሪጅ አረፈ። ሊጽፈው ያሰበው ስድስተኛ ጥራዝ ሳይጻፍ ቀረ። ነፍሳቱን ያበጠረባቸው የመስታወት ስላይዶች በሃርቫርድ የፋርሎው ስብስብ ውስጥ ተቀምጠው ዛሬም ተመራማሪዎች ይዋሷቸዋል። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚያድገው ማይክሶኮከስ ዛንተስ በታክስተር እጅ የተሰየመ ዝርያ አይደለም፤ ቢቤ የተባለ ተመራማሪ በ1941 የገለጸው ነው። በጠርሙሱ ላይ ከሚጻፉት ሁለት ቃላት የታክስተር የሆነው የመጀመሪያው ነው።